ጤፍ ረከሰ ስንል ማንን እያረከስን ነው?

ውድ አንባቢዎቻችን፦

በዚህ ሰላምታ የጀመርነው በልማድ አይደለም፤ ነገር ፍለጋ ነው። ‹‹ውድ›› ብለን ስንጠራችሁ ማንኛችሁም ‹‹ስንት ብር?›› ብላችሁ አልጠየቃችሁንም። ቃሉ ደብዳቤ አናት ላይ ሲቀመጥ ፍቅር ነው፤ እህል በረንዳ ሲገባ ግን እሮሮ ይሆናል። እስቲ ተቃራኒውን እንሞክረው። ‹‹ርካሽ አንባቢዎቻችን›› ብለን ጀምረን ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን መስመር ሳታዩ ጥላችሁን ትሄዱ ነበር። እውነታችሁን ነው፤ ስድብ ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህች ናት። ሰው ላይ ሲያርፍ ስድብ የሆነ ቃል፣ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት እህል ላይ ሲያርፍ እንዴት የምሥራች ሊሆን ቻለ? ‹‹ጤፍ ረከሰ›› ሲባል ከተማው እልል ይላል። የዜና አንባቢው ፊት ይፈካል፤ እናቶቻችን ስልክ ይደዋወላሉ። ‹‹ጤፍ ተወደደ›› ሲባል ደግሞ ሐዘን እንቀመጣለን፤ ወዲያውም ጥፋተኛ ፍለጋ እንነሳለን። በሁለቱም ጊዜ አንድ ሰው አንጠይቅም፤ ያመረተውን። እኛ የምንለው፣ ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም ነው። በዋጋ ቃላታችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚናገረው ገዢው ነው። የእህል ፖሊሲያችንም ሲጻፍ የኖረው በዚሁ በገዢ ሰዋስው ነው።

ከሥሩ እንነሳ

‹‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ›› ይባል የለ? ‹‹ረከሰ›› የግዕዙ ‹‹ረኵሰ›› ልጅ ነው። በግዕዝ መጉደፍ፣ መቆሸሽ፣ ንጽሕናን ማጣት ማለት ነው። ‹‹ርኩስ መንፈስ›› ውስጥ ያለው ‹‹ርኩስ›› እና ጉልት ላይ የተደረደረው ‹‹ርካሽ›› ሽንኩርት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ‹‹ውድ›› ደግሞ ‹‹ወደደ›› ከሚለው ይወለዳል። እቃ ተወደደ ስንል ቃል በቃል ተፈቀረ ማለታችን ነው። አማርኛችን እንግዲህ ዋጋን የሚለካው በብር ብቻ አይደለም፤ በክብርም ጭምር ነው። ዋጋው የወጣለት ይወደዳል፤ ዋጋው የወረደበት ይረክሳል። ዲማ ጊዮርጊስ ተቀምጦ ግስ የሚያወርድ የቅኔ ተማሪ ይህን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ሰሙ የዋጋ መውረድ ነው፤ ወርቁ መዋረድ።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። እንግሊዞች ‹‹ዲር›› ሲሉ ዋጋው የከበደም ነው፣ የሚወዱትም ሰው ነው። ፈረንሳዮች ‹‹ሼር››፣ ዐረቦች ‹‹ጋሊ›› ሲሉም እንደዚያው። የእንግሊዝኛው ‹‹ቺፕ›› ታሪክ ግን ከኛው ይለያል። ቃሉ ድሮ ንግድና ገበያ ማለት ነበር። ለንደን ውስጥ እስከዛሬ ‹‹ቺፕሳይድ›› የሚባለው ጎዳና ስሙን ያገኘው የድሮ ገበያ ስለነበረ ነው። ሰው በደህና ዋጋ ሲገበያይ ‹‹ጉድ ቺፕ›› ይል ነበር፤ ጥሩ ገበያ ነው እንደማለት። ኋላ ‹‹ጥሩ›› የሚለው ቀረና ‹‹ቺፕ›› ብቻውን ዋጋው ያነሰ ሆነ። ቀጥሎ ጥራት የሌለው ሆነ፤ ቀጥሎም ንፉግና ወራዳ። የእነሱ ቃል ከገበያ ተነስቶ ወደ ስድብ ወረደ። የኛው ደግሞ ከርኩሰት ተነስቶ ገበያ ገባ። እነሱ ቃሉን ሲጠቀሙበት ቆሸሸባቸው፤ እኛ ግን ከመጀመሪያውም ገበያ የወጣነው የቆሸሸ ቃል ይዘን ነው።

ሰሌዳ ያለውና ሰሌዳ የሌለው

ካላመናችሁን ከመገናኛ እስከ መርካቶ ያሉትን ሱቆች አንብቡ። ‹‹ርካሽ ጫማ›› የሚል ሰሌዳ ፈልጋችሁ ድከሙ። ‹‹ታላቅ ቅናሽ›› አለ። ‹‹በተመጣጣኝ ዋጋ›› አለ። ‹‹አቅምዎን ያገናዘበ›› አለ። የእንግሊዝኛው ነጋዴም ‹‹ቺፕ›› ከሚለው ሸሽቶ ‹‹አፎርደብል›› ውስጥ ተደብቋል። አየር መንገዶች እንኳ ዝቅተኛውን ወንበር ‹‹ኢኮኖሚ›› ነው የሚሉት፤ ‹‹ርካሽ ወንበር›› ብሎ ትኬት የሚቆርጥላችሁ የለም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሻጭ የራሱን እቃ ርካሽ አይልም። ሰሌዳ የሰቀለ ሰው ቃሉን ራሱ ይመርጣል።

መንግሥትም ቢሆን ሻጭ ሲሆን እንደዚያው ነው። ነዳጅ ሲጨምር ‹‹የዋጋ ማስተካከያ›› ይባላል። መብራት ሲጨምር ‹‹የታሪፍ ማሻሻያ›› ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ደረሰ። የዚያም ይፋዊ ስሙ ‹‹ማሻሻያ›› ነበር። ተወደደ የለ፣ ረከሰ የለ፤ ተስተካከለ፣ ተሻሻለ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ጤፍ አምራቹ እንሂድ። እሱ ሰሌዳ የለውም፤ መግለጫ አይሰጥም፤ ማስታወቂያ አያስነግርም። ስለዚህ ቃሉን የምንመርጥለት እኛ ነን። ዋጋው ሲወርድበት ‹‹ረከሰ›› እንለዋለን። ሲወጣለት ደግሞ ‹‹ናረ፣ አሻቀበ፣ ጣሪያ ነካ፣ እሳት ሆነ፣ አልቀመስ አለ›› እያልን የእሳት አደጋ መኪና እንጠራበታለን። ‹‹ተመጣጣኝ›› የምትለዋን ጨዋ ቃል ለጫማ ሰጥተን ለጤፍ የነፈግነው ለምን ይሆን?

ደጀን ላይ የሰማነው

ይህን ጥያቄ እኛም ከሰማይ አላወረድነውም። በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ ከመካከላችን ሦስታችን ለጓደኛችን ሠርግ ወደ ሞጣ እየሄድን ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደን፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ተሻግረን፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወጥተን ደጀን ገባን። መንገዱ እዚያ ይገነጠላል፤ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ወደ ቢቸናና ሞጣ። ጤፍ የጫኑ አይሱዙዎች እኛ የወጣነውን ሊወርዱት ተሰልፈዋል። ጆሯችን በከፍታው ደንቁሮ ሻይ ቤት ተቀመጥን።

አጠገባችን ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ሻይ ይጠጣሉ። ጠዋት ጤፍ ሸጠው መምጣታቸው ነው። ከመካከላችን አንዱ ጨዋታ ለመጀመር፣ ‹‹አባባ፣ ዘንድሮስ ጤፍ ረክሷል አሉ፤ እሰይ ነው›› አላቸው።

ቀና ብለው አዩት። ‹‹ለእናንተ እሰይ ነው፣ ልጄ›› አሉ ረጋ ብለው። ‹‹እኔ ግን ያረከስሁት ነገር የለም። አምስት ጊዜ አርሻለሁ፤ አረም ነቅያለሁ፤ አጭጃለሁ፤ በበሬ አበራይቻለሁ። ረከሰ አትበሉ። ገበሬው ተቸገረ በሉ።››

ጓደኛችን አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ነገሩን እንደ አስተማሪ ዘረዘሩልን። የማዳበሪያ እዳ አለ፤ ግብር አለ፤ ደብረ ማርቆስ የሚማር ልጅ አለ። ሁሉም የሚጠይቀው ጥር ላይ ነው፤ ገበሬው ሁሉ ጤፉን የሚያወጣውም ጥር ላይ ነው። ስለዚህ ጥር ላይ ሁሉም ሻጭ ነው። ‹‹በነሐሴ ብትመጡ ግን›› አሉ ሻያቸውን ጨልጠው ሲነሱ፣ ‹‹እኔም እንደናንተው ገዢ ነኝ።››

ሠርጉ ላይ ነጭ እንጀራ በላን። ከዚያ ወዲህ ግን ‹‹ረከሰ›› የምትለዋ ቃል ጉሮሯችን ላይ ትቆማለች።

ጤፍ ምን እንደሆነ ለማናውቅ ለከተማ ልጆች ትንሽ እንጨምር። አንድ ግራም ውስጥ ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ፍሬ አለ። ከእጅ ካመለጠ ስለሚጠፋ ነው ጤፍ የተባለው የሚሉም አሉ። መሬቱ ደጋግሞ ካልታረሰና ካልለሰለሰ ያን የምታህል ፍሬ አትበቅልም። ይህ ሁሉ ተደርጎ በአገር ደረጃ ከአንድ ሄክታር የሚገኘው በአማካይ ከ20 ኩንታል በታች ነው። ከስንዴም ከበቆሎም ያነሰ ማለት ነው። ብዙ ጉልበት በልቶ ጥቂት የሚሰጥ እህል ዋጋው ከሌላው ቢበልጥ ምኑ ይገርማል? የሚገርመውስ በሚረክስበት ጊዜ ነው።

ርካሽ እህል የሚባል ፖለቲካ

ደጀን፣ ቢቸናና ሞጣ ላባቸውን ሌላ ሰው ሲተምንላቸው ያዩት ዛሬ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ ሲመጣ የጎጃም ገበሬ አሻፈረኝ ብሎ ተነሳ። ሞጣና ቢቸና የአመፁ ማዕከል ከነበሩት አውራጃዎች መካከል ናቸው። ነገሩ የግብር ብቻ አልነበረም። መሬቴን ገምተው ርስቴን ሊነኩት ነው የሚል ስጋት ነበረበት።

ደርግ ሲመጣ ግምቱ ወደ እህሉ ተዛወረ። የመንግሥት የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመና ገበሬው በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ተደረገ። ዋጋው ከነፃው ገበያ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ዘመን ነው። ትርፍ አምራች ከሚባሉት መካከል ጎጃም አንዱ ስለነበር ቀንበሩ የከበደውም እዚያ ነው። እህሉ የት ሄደ? ለጦሩና ለከተማ ቀበሌ ሱቆች። ከመካከላችን ያለፉት ወላጆች ‹‹በደርግ ጊዜ እኮ ጤፍ ርካሽ ነበር›› እያሉ ሲተርኩ ልዩነቱን ማን ከፍሎት እንደነበር አይነግሩንም። ኮታው የተነሳው የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ካወጁ በኋላ ነው። ያኔ ሥርዓቱ ሊወድቅ ዓመት ከምናምን ነበር የቀረው።

ከዚያ በኋላም አባዜው አልለቀቀንም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ሞልቶ ዋጋው ወደቀ። ለማሳጨድና ለማጓጓዝ የሚወጣውን እንኳ የማይሸፍንለት ገበሬ ሰብሉን ማሳ ላይ የተወበት ጊዜ ነበር። ከተማው ‹‹በቆሎ ረከሰ›› አለ። ገበሬው ከስሮ በቀጣዩ ዓመት የማዳበሪያ እጁን ሰበሰበ፤ ዝናቡም ጠፋ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ። ርካሹ በቆሎ ስንት እንዳስከፈለን ያን ጊዜ ገባን፤ ማለት፣ ሊገባን ይገባ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ተከለከለ። ዓላማው የከተማውን ዋጋ ማብረድ ነበር። ክልከላው የላላው ከዓመታት በኋላ፣ ያውም በጥቂቱ ነው። ገበሬው ባሕር ማዶ እንዳይሸጥ በታጠረበት በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ጤፍ ባሕር ማዶ የጤነኞችና የሯጮች ምግብ ተብሎ በትንንሽ ከረጢት ይሸጣል። እዚያ ውድ ነው፤ በሁለቱም ትርጉሙ። እዚህ ግን አምራቹ እንዲያረክሰው ይጠበቅበታል።

በ2003 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዋጋው ሰሌዳ ላይ ረከሰ፤ እቃው መደርደሪያ ላይ ጠፋ። ጣሪያው ለአብዛኞቹ በወራት ውስጥ ተነሳ።

በ2015 ዓ.ም. የሆነው ግን ከሁሉም ይብሳል። የካቲትና መጋቢት ላይ የአዲስ አበባ ጤፍ በጥቂት ሳምንታት በኩንታል ሺዎችን እየዘለለ ወጣ። ከተማው ጮኸ፤ መንግሥት ‹‹ስግብግብ ነጋዴ›› አለ፤ ሁላችንም ስለ ኬላዎች አወራን። ከወራት በኋላ፣ ለዘር ጊዜ፣ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው አደባባይ ወጡ። ለጤፉ መወደድ የጮኸው ከተማ ለማዳበሪያው መጥፋት ያን ያህል ሲጮህ አልሰማንም። ሁለቱ አንድ ዜና መሆናቸው አልታየንም። ከዚያው ክረምት ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ውጊያ መንገዱን ደጋግሞ ዘግቶታል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሁለቱ ቃላት አንድ ቀን ላይ እውነት ይሆናሉ። ደጀን ላይ ገዢ አጥቶ ይረክሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ሻጭ አጥቶ ይወደዳል። ያው አንዱ ጤፍ!

‹‹ደሃውስ?›› ለምትሉን

እናውቃለን፣ አሁን አንዳንዶቻችሁ ተቆጥታችኋል። ‹‹እናንተ የጠገባችሁ ጸሐፊዎች፣ የቀን ሠራተኛዋ ምን ትብላ?›› ትላላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ ሳንሰጥ ብናልፈው እኛው ርካሾች እንሆናለን።

መጀመሪያ፣ ከገበሬው የተቀነሰው ሁሉ እሷ ጋ አይደርስም። ከደጀን እስከ እህል በረንዳ ደላላ አለ፤ ጫኝና አውራጅ አለ፤ ነዳጅ አለ፤ ኬላ አለ። ጥር ላይ ገበሬው በወረደ ዋጋ የለቀቀውን ጤፍ፣ መጋዘን ያለው ሰው ክረምት ላይ በናረ ዋጋ ያወጣዋል። ርካሹን የበላው መካከለኛው ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያማል። የቀን ሠራተኛዋም ራሷ ‹‹ርካሽ›› ተብላለች። ኢንቨስተር ሲጋበዝ ለዓመታት ‹‹በቂና ርካሽ የሰው ኃይል›› እየተባለ ነበር የሚለፈፈው፤ በኩራት! የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዓለም ልብስ ሰፊ አገሮች ዝቅተኛው። ያችን ልጅ አስቧት። ደመወዟ ርካሽ ስለሆነ ጤፉ ርካሽ እንዲሆን ይፈለጋል። ጤፉ ርካሽ ይሆናል ተብሎ ስለሚታሰብ ደግሞ ደመወዟ ከርካሽነቱ አይነቃነቅም። አባቷ ምናልባት ጤፍ አምራች ነው። አባት በእህሉ፣ ልጅ በጉልበቷ ረክሰው፣ እኛ መሃል ላይ ቆመን ‹‹ለደሃው ብለን እኮ ነው›› እንላለን። እንግሊዞችም ይህችን ክርክር ከመቶ ሰማንያ ዓመት ገደማ በፊት ተከራክረዋታል። እ.ኤ.አ. በ1846 የእህል ቀረጥ ሕጋቸው ሲሻር ባለፋብሪካዎቹ ‹‹ርካሽ ዳቦ!›› ሲሉ፣ ብዙ ሠራተኞች ‹‹ዳቦውን የምታረክሱት ደመወዛችንን ልታረክሱ ነው›› ብለው ጠርጥረዋል።

ደሃውን የምናግዘው በሌላ ደሃ ኪስ ከሆነ ያ እርዳታ አይደለም፤ ማዛወር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ቃል ብቻውን ዋጋ አያወጣም። ገበሬው ጥር ላይ ተሯሩጦ እንዳይሸጥ እህሉን የሚያስቀምጥበት መጋዘንና፣ መጋዘኑ የሰጠውን ደረሰኝ ይዞ የሚበደርበት ባንክ ያስፈልገዋል። የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። የምርት ገበያም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። ሁለቱም ግን ያ ደጀን ላይ ሻይ የጠጣነው አባት ጋ አልደረሱም፤ እሳቸው ያላቸው እዳና ጎተራ ነው። ማዳበሪያው በጊዜው ይድረስ፤ መንገዱ ይከፈት፤ ኬላው ይነሳ። ለልብስ ሰፊዋም የምትኖርበት ደመወዝ ይወሰንላት። ከዚያ በኋላ ስለ ጤፍ ዋጋ እንከራከር፤ ክርክሩ ያኔ የእኩሎች ይሆናል።

ጋዜጠኞች ወዳጆቻችንንም አንድ ነገር እንለምናችሁ። የጤፍ ዋጋ ስትዘግቡ የአዲስ አበባውን ብቻ አትንገሩን፤ የደጀኑንም ጨምሩበት። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ማን እንደተወደደና ማን እንደረከሰ እኛው እናነበዋለን።

እኛ በበኩላችን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ገጽ ላይ ‹‹ጤፍ ረከሰ›› ብለን አንጽፍም። ወረደ እንላለን፤ ቀነሰ እንላለን፤ ለማን እንደቀነሰና ከማን እንደተቀነሰ ካወቅንም እንጨምራለን። ዋጋው የእጅጉን ከወረደ ደግሞ እኚያ አባት ያስተማሩን አባባል አለ። ገበሬው ተቸገረ።